ማዘርቦርዱ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ ባኮ ለመድረስ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው ርቀቱ ብዙም አያስጨንቅም፤ ካርቶኑን መኪና ላይ ጭኖ ቤቱ ሲደርስ ይሰካዋል። ዕቃውን በተናጠል ገዝቶ ራሱ ለሚገጣጥም ሰው ግን መንገዱም የዋጋው አካል ነው። መገናኛ ወይም መርካቶ አካባቢ የሚኖር ወጣት የገዛው ራም ማዘርቦርዱ ላይ አልገባ ቢለው በዚያው ቀን ተመልሶ ይለውጣል። የባኮው ወጣት ተመሳሳይ ችግር ሲገጥመው የመሄጃና የመመለሻ፣ የምግብና የማደሪያ ወጪ ይጠብቀዋል። ሻጩ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም ካለው ደግሞ ገንዘቡ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ በባኮም ሆነ በኢጃጂና በጌዶ የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ለመገጣጠም ያሰበ ሰው ዋናውን ሥራ የሚሠራው ብሩን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው። መገጣጠሙ ያን ያህል አይከብድም። አንድ የመስቀል ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጠረጴዛና ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የሚከብደው እርስ በርሳቸው የሚግባቡ ክፍሎችን መምረጡ ነው።

ክፍሎቹ የሚገጣጠሙት አምራቾች በጊዜ ሂደት በጋራ ልክ መሥራት ስለጀመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሽፋኑ ያስተዋወቀው አልቴር 8800፣ ገዢው በገዛ እጁ እየበየደ የሚገጣጥመው ኮምፒውተር ነበር። ስክሪንም ኪቦርድም አልነበረውም፤ በፊቱ ላይ የተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትናንሽ መብራቶች ብቻ ነበሩት። በኦገስት 1981 አይቢኤም ፒሲውን ሲያወጣ የውስጥ አሠራሩን የሚዘረዝር የቴክኒክ መጽሐፍም ለገበያ አቀረበ። ሌሎች ኩባንያዎች ያንን እያዩ የሚሰኩ ካርዶችን፣ ቀጥሎም እንደ አይቢኤሙ የሚሠሩ ሙሉ ማሽኖችን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን መለኪያ አወጣ። የማዘርቦርዱን ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታና የፓወር ሰፕላዩን አሰካክ የሚወስነው ይህ መለኪያ ነው። ዛሬ አንዱ ኩባንያ የሠራው ማዘርቦርድ ሌላው በሠራው ኬዝ ውስጥ ያለ ችግር የሚቀመጠው በእሱ ምክንያት ነው።

ምርጫው የሚጀመረው ኮምፒውተሩ ምን እንደሚሠራ በመወሰን ነው። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ለመክፈት የሚፈልግ ሰው፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ፎቶ ቤትና አውቶካድ የሚሠራ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪ የሚያስፈልጋቸው ማሽን አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው መካከለኛ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ሁለተኛው 16 ጊጋባይት ያስፈልገዋል፣ ግራፊክስ ካርድም ሊፈልግ ይችላል። ይህ ሳይወሰን ገበያ የሚወጣ ሰው ሻጩ መደርደሪያው ላይ ያለውን ይዞ ይመለሳል።

ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ይመጣል። ብዙ ጀማሪዎች ከፕሮሰሰሩ ይጀምራሉ፤ የፍጥነት ወሬ ሁሉ ስለ እሱ ነውና። ነገር ግን የትኛው ፕሮሰሰር፣ የትኛው ራም፣ የትኛው ኤስኤስዲ እንደሚገባ የሚፈቅደው ማዘርቦርዱ ስለሆነ ዝርዝሩ ከእሱ ቢነሳ ይሻላል። በዚህ ረገድ ባኮ የራሷ ትምህርት አላት። የከተማዋ የግብርና ምርምር ማዕከል በአገሪቱ ያስተዋወቀው ቢኤች-660 የተባለው የበቆሎ ዝርያ ከሦስት ወላጅ ዘሮች የተዳቀለ ነው፤ አዳቃዮቹ እንደሚያውቁት ለየብቻቸው ጥሩ የሆኑ ዘሮች ሁሉ ሲገናኙ ጥሩ ምርት አይሰጡም፣ የሚስማማው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ተለይቶ ነው የሚመረጠው። ኮምፒውተርም በየክፍሉ ምርጥ የተባለውን በመሰብሰብ አይሠራም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሶኬት ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ማለት ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ሶኬቶች ፈጽሞ አይቀላቀሉም። በኢንቴል በኩል 10ኛውና 11ኛው ትውልድ ኤልጂኤ1200 ላይ፣ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ደግሞ ኤልጂኤ1700 ላይ ይቀመጣሉ። በኤኤምዲ በኩል ኤኤም4 እና እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ኤኤም5 አሉ። እስከዚህ ቀላል ነው። ወጥመዱ ያለው ሶኬቱ እየገባ ማሽኑ በማይነሳበት ቦታ ነው። ኤልጂኤ1151 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 6ኛው፣ 7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሁሉም በዚህ ሶኬት ይቀመጣሉ፤ ሆኖም 8ኛውና 9ኛው የሚሠሩት ቺፕሴታቸው (ማዘርቦርዱን የሚመራው ቺፕ) ከ300ው ተከታታይ በሆነ ማዘርቦርዶች ላይ ብቻ ነው። 8ኛ ትውልዱን ከዚያ በፊት በወጣ ማዘርቦርድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ፋኑ ሲዞር ያያል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ያገለገለ ዕቃ በሚበዛበት ገበያ ይህ ጥንድ በቀላሉ እጅ ውስጥ ይገባል።

ኤኤም4 ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሶኬቱ ረጅም ዕድሜ ስለኖረው ከራይዘን 1000 እስከ ራይዘን 5000 ያሉትን የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ያስተናግዳል፤ ለዚህም ነው በአነስተኛ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው ዛሬም የሚመከረው። ነገር ግን ቢ450 ማዘርቦርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ራይዘን 5000 ገና ገበያ ላይ አልነበረም፤ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ለማደስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ሊቀመጥበት ይገባል። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር መደርደሪያው ላይ ሊኖረው ይችላል፤ ባኮ ላይ ግን ከማን ይዋሳሉ? ስለዚህ ባዮሱ እዚያው ሱቁ ውስጥ ታድሶ፣ ሥሪቱም በስክሪን ታይቶ ቢረከቡት ነው የሚያዋጣው። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ አላቸው፤ ያንን ያለውን ማዘርቦርድ ከሩቅ ለሚገዛ ሰው ትንሽ ብር ጨምሮ መውሰድ ተገቢ ነው።

ዕቃውን በቅርበት የሚያይ ዓይንም ያስፈልጋል። የኤኤም4 ፕሮሰሰር ከሥሩ 1,331 ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ አንዷ ከጎበጠች ሶኬቱ ውስጥ አይገባም፣ በኃይል ከተጫኑት ደግሞ ይሰበራል። በኢንቴል ዘመናዊ ሶኬቶች እግሮቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ያገለገለ ማዘርቦርድ የሚገዛ ሰው የሶኬቱን መሸፈኛ አንስቶ በስልኩ ባትሪ ከጎን በኩል ሲያበራበት የእግሮቹ ጫፎች በሰልፍ እኩል ማንጸባረቅ አለባቸው። ከሰልፉ ወጥታ የምታብለጨልጭ ነጥብ ካለች እግሩ ጎብጧል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ሦስት ማዕዘን ጋር ስትገጥም ፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት ቦታውን ይይዛል፤ መጫን አያስፈልግም።

ራም ላይ ስሕተት የሚበዛው ሁሉም ስለሚመሳሰል ነው። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 በእጅ ሲያዙ አንድ ይመስላሉ፤ ከታች ያለው ቀዳዳ ግን ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። የኤልጂኤ1700 ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ለዲዲአር4፣ አንዳንዶቹ ለዲዲአር5 የተሠሩ በመሆናቸው የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ ይዞ ራም መግዛት አይቻልም። ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5ን ብቻ ነው። ራሙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ፒሲ3 የሚለው ዲዲአር3፣ ፒሲ4 የሚለው ዲዲአር4 መሆኑን ይናገራል። በቁጥሮቹ መጨረሻ አካባቢ አር የምትለዋ የላቲን ፊደል ለብቻዋ ከተቀመጠች ደግሞ የሰርቨር ራም ነው። የሰርቨር ራም ዋጋው ሲረክስ ዓይን ይስባል፤ በተራ ዴስክቶፕ ላይ ግን አይሠራም።

ለ16 ጊጋባይት አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል። ማዘርቦርዱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ የመረጃው መተላለፊያ በእጥፍ ይሰፋል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል፤ ምስል የሚሠራው ክፍል ራሱ የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ስለናረ ይህን ክፍል አስቀድሞ ማስላት ግድ ሆኗል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው እንደጨመረም ገዢው ያውቀዋል።

አንድ የላቲን ፊደል ምስል የሚያሳጣበት ሁኔታም አለ። ኮር አይ3-12100 ምስል የሚያወጣ ክፍል በውስጡ አለው፤ አይ3-12100ኤፍ ግን የለውም። ራይዘን 5 5600ጂ አለው፤ ራይዘን 5 5600 የለውም። ኤፍ ያለበትን በርካሽ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ ያልገዛ ሰው፣ የስክሪኑ ገመድ የሚሰካበት ቦታ ማዘርቦርዱ ላይ እያለ ምንም አያይም። ለመጀመሪያ ግንባታ 5600ጂን የመሰለ ምርጫ ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል። ስድስት ኮር ያለው፣ 65 ዋት የተመዘገበለትና ያለ ካርድ ስክሪን የሚያበራ ነው። ካርዱ ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራል።

ስለ ማከማቻው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኤም.2 የሚባለው ማስቲካ የሚያህለው ኤስኤስዲ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ይሠራል። ለአንዱ ብቻ የተሠራ ማስገቢያ ሌላውን አያነብም። የማዘርቦርዱ መመሪያ የትኛውን እንደሚቀበል ይናገራል፤ ያንን አይቶ መግዛት ነው። አማርኛ ለመጻፍም የተለየ ዕቃ አያስፈልግም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ማንኛውም ተራ ኪቦርድ ይበቃል።

አሁን ብዙዎች በመጨረሻ የሚያስቡትና በርካሽ ወደሚገላገሉት ክፍል፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንምጣ። በባኮ ለሚሠራ ማሽን ይህ ከፕሮሰሰሩ የማይተናነስ ትኩረት ይገባዋል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲያበራ ቮልቴጁ ሲወርድ፣ በመጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። እሱ ሲበላሽ ደግሞ ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ጎኑ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ሁለት ነገር ይነግራል። የመጀመሪያው የሚቀበለው ቮልቴጅ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለበት የቤቱ 220 ቮልት ወደ 180 ወይም ከዚያ በታች ቢወርድ እንኳ ሥራውን ይቀጥላል፤ ይህን ችሎታ የሚሰጠው ውስጡ ያለው ከመስመሩ የሚወስደውን ኃይል የሚያስተካክል ሰርኪዩት ነው። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ ያለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሰርኪዩት የለውም፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ቶሎ ይጠፋል። ማንሸራተቻው ሌላም አደጋ አለው። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ዕቃ 115 ላይ ተደርጎ ከመጣና ሳይስተካከል ባኮ ላይ ከተሰካ፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከአቅማቸው በላይ ቮልቴጅ ስለሚደርስባቸው ይፈነዳሉ። ስለዚህ ከመሰካት በፊት ማንሸራተቻው 230 ላይ መሆኑ ይታይ።

ሁለተኛው ነገር የባለ 12 ቮልቱ መስመር አቅም ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት ከዚህ መስመር ስለሆነ ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብቻውን አይታመንም። 500 ዋት የሚል ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልት 38 አምፒር የሚሰጥ ከሆነ 12 በ38 ተባዝቶ 456 ዋት ይሆናል፤ ቃሉን አክብሯል። ያው 500 ዋት የተጻፈበት ሌላው በ12 ቮልት 18 አምፒር ብቻ ካለው 216 ዋት ነው። አርቲኤክስ 3060 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ለብቻው እስከ 170 ዋት ስለሚወስድ ይኼኛው ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት መሸከም ያቅተዋል። ጂቲኤክስ 1650 የመሰለ ካርድ ግን 75 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ ብዙ ሞዴሎቹ ያለ ተጨማሪ ገመድ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻ ይሠራሉ። ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀሉ ገመዶች ካሉም ከሌላ ኩባንያ ፓወር ሰፕላይ ጋር መቀላቀል የለባቸውም። መሰኪያቸው ቢመሳሰልም የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ስለሚለያይ ኤስኤስዲውንና ማዘርቦርዱን ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

ከዚህ ጋር 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ ቢገዛ፣ 5600ጂ ላለው ማሽን መብራት ሲሄድ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ዩፒኤሱ ላይ አይሰካም፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያጠፋዋል።

ባኮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአምቦም ከአዲስ አበባም ትሞቃለች። የአየር ግፊቷ ደግሞ ከባሕር ጠለሉ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ፋን የሚያንቀሳቅሰው አየር ቀጭን ሲሆን ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። በበጋ አቧራው ይጨመርበታል። ከመቶ ዋት በላይ የሚበላ ፕሮሰሰር ቆርቆሮ ጣራ ባለው ቤት፣ ከቀትር በኋላ ሲሠራ ፋኑ እንደሚጮህና ፍጥነቱን ለመቀነስ እንደሚገደድ መገመት ይቻላል። 65 ዋቱ ፕሮሰሰር ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ፋን ይበቃዋል። ኬዙ ግን ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ሳይሆን ወንፊት ያለው፣ ወንፊቱም ወጥቶ የሚታጠብ ቢሆን ይመረጣል። ስፋቱንም ማየት ነው፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ 244 በ244 ሚሊ ሜትር ሲሆን ትልቁ ኤቲኤክስ 305 በ244 ነው። ትንሹ በትልቁ ኬዝ ይገባል፣ ትልቁ በትንሹ አይገባም።

ብዙ ሰው ደግሞ ከባዶ ከመነሳት ይልቅ ከውጭ የገባ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ያሻሽላል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት በዚህ መንገድ የሚገኙ ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፣ ብርም ይቆጥባሉ፤ ግን የኤቲኤክስን ልክ ሙሉ በሙሉ አይከተሉም። ኦፕቲፕሌክስ 9020 ለምሳሌ ማዘርቦርዱ የሚመገበው በተለመደው ባለ 24 ቀዳዳ መሰኪያ ሳይሆን በራሱ ባለ 8 ነው፤ ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ያለ ማገናኛ ገመድ አይገባለትም። የቀጭኑ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ 255 ዋት ብቻ ስለሆነና ኬዙም ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ስለሚይዝ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አያስገባም። ራሙም ዲዲአር3 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው ማለት ይቻላል። 4ኛ ትውልድ የሆነው 9020 ከዚህ ውጭ ስለሚቀር ሊኑክስ ይጫንበታል፤ ጽሕፈትና ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው ይህም አያንስም። ለቪዲዮ ሥራ ግን ከአዲስ መጀመሩ ያዋጣል።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ሁሉንም ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን መግዛት ይጠቅማል። ፒሲ ፓርት ፒከር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ክፍሎቹን አስገብቶ የማይገጥሙትን አስቀድሞ ማየት ይቻላል፤ ዋጋው ግን የአሜሪካና የአውሮፓ ገበያ ስለሆነ ለኢትዮጵያ አይሠራም። ሱቁ ውስጥ ማዘርቦርዱ በካርቶኑ ላይ ተቀምጦ ፕሮሰሰሩ፣ ፋኑ፣ ራሙና ፓወር ሰፕላዩ ተገናኝተው የባዮሱ ገጽ ስክሪን ላይ ሲታይ ካላዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ለጉዞው ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳለ ይቅር፤ እግሮቹ የሚጠበቁት እንዲያ ነው። ግራፊክስ ካርድ ካለ ግን ተነቅሎ በራሱ ካርቶን ይታሸግ፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ክብደቱ ማስገቢያውን ይሰብራል።

ባኮ ከደረሱ በኋላ ኤኤም5 ላይ የተገጣጠመ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ማሽኑ ራሙን እየለካ ስለሆነ ማጥፋት አያስፈልግም። ባዮሱ ሲከፈት ሁለቱ ራሞች ተደምረው 16 ጊጋባይት ማሳየታቸው ይታያል፤ 8 ብቻ ካሳየ አንዱ በደንብ አልገባምና ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ እስከ መቆለፊያው ድረስ ይጫናል። ዲዲአር4 ራም 3200 ተብሎ ተገዝቶ 2133 ወይም 2400 የሚል ቁጥር ካሳየም ተበላሽቶ አይደለም፤ ኤክስኤምፒ የሚለው ምርጫ ሲበራ ወደ ተገዛበት ፍጥነት ይመለሳል።